ለኤልዳና የመረጥኩላት ቅጥያ

ይህች ልጅ አሁን የምትሰማው የእኔን ድምፅ ነው ወይስ የሌላ ሰው? ስጠራት «አቤት እማማ» ትላለች፤ ምሳ ሳቀርብላት ትበላለች፤ «አባትሽ ታሟል» ስላት ደግሞ ፈገግ ብላ «አሜን» ትላለች። ምን ብዬ እንደመረቅኋት እሷ ታውቃለች። እኔ አላውቅም።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ከፍ ብሎ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ። ኤልዳና የልጄ የኪሩቤል ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት፤ አባቷ አፋር ውስጥ ጨው ፋብሪካ ይሠራል፤ ለበዓል ይመጣል። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ቤታችን ውስጥ ያለው ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ ማሰሻው ውስጥ ነው።

ኢንተርኔት የምናስስበት ማሰሻ በእኔ ልጅነት ስልክ ላይ ነበር፤ በጣት እየነካካን እንከፍተው ነበር። አሁን ዓይን ውስጥ ባለ ሌንስና ጆሮ ውስጥ ባለች ፍሬ ነው። በሌንሱ ሳያልፍ የሚታይ ነገር የለም፤ መንገዱም፣ ሰማዩም፣ ጎረቤቱም። ስለዚህ የሚታየውን የሚያስተካክል ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ማለትም ቅጥያ፣ ሳይጭኑ መውጣት ራቁትን ገበያ እንደመሄድ ይቆጠራል። ሰዎች ሲገናኙ ጤና ከመጠያየቃቸው በፊት «አዲስ ምን ጫንሽ?» ይባባላሉ።

ብሌን ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ የሕንፃችን እድር ሰብሳቢም እሷው ናት። ሰላሳ ምናምን ቅጥያ አላት። አንዱ ደረጃው ላይ የሚቀመጡትን ለማኞች ከዓይኗ ያጠፋላታል። ሌላው በእነሱ በኩል ስታልፍ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ያኑርልኝ» የሚል ድምፅ ያሰማታል። ሳትሰጥ ተመርቃ ቤቷ ትገባለች። ከእኛ በላይ ያሉት አቶ ሚኪያስ ደግሞ ሚስታቸው የሚናገሩትን የሚያሳጥር ቅጥያ አላቸው። የአንድ ማለዳ ወቀሳ «ዘይት አልቋል» ተብሎ ይደርሳቸዋል። ሚስትየውም አልተቀየሙም፤ የባላቸውን ማንኮራፋት የዝናብ ድምፅ የሚያደርግ ጭነዋል። እዚህ ሕንፃ ላይ እንደ እነሱ ያለ ሰላም ያለው ትዳር የለም ይባላል።

እኔ አሁንም መነፅር ነው የማደርገው፤ የድሮውን፣ የሚወልቀውን። ሦስት ቅጥያ አለኝ። አንዱ ማስታወቂያ ይከለክላል፣ አንዱ የይለፍ ቃሌን ይይዛል፣ አንዱ ፊደል ያሳድጋል። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን አንድ ነገር ሲጭኑብኝ «ምን ይሠራል?» ብሎ ለመጠየቅ አሥረኛ ክፍልም ይበቃል። በዚህ ይስቁብኛል። «ፌቪ ዕቃ ሳትጭን የምትሄድ አህያ ናት» ትላለች ብሌን።

የፈተናው ወር ሲቃረብ ግን ጨነቀኝ። በዚያ ወር ተፈታኝ ሌንሱን አያወልቅም፤ ያወለቀ ወደቀ። ይተኛበታል፣ ፊቱን ይታጠብበታል፣ ግድግዳ ፊት ተቀምጦ ይፈተንበታል። ያን ሁሉ ቀን የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በልጅቷ ዓይን ውስጥ ሊመላለስ ነው። ፈተናው ወጣ፣ ፈተናው ተሰረዘ፣ የእገሌ ልጅ ራሷን ሳተች፣ የእገሊት ልጅ ከፎቅ ልትወድቅ ነበር። ኤልዳና ደግሞ ሆደ ባሻ ናት፤ የማታውቀው ሰው ሲያለቅስ አይታ ምሳዋን የምትተው ዓይነት።

ስለዚህ ምድር ቤት ወዳለው ወደ ሮቤል ቅጥያ ቤት ወረድኩ።

«እማማ ፌቨን!» አለ ሮቤል ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ዛሬ መነፅሩን ሊጥሉልኝ መጡ?»

«ለኔ አይደለም። ተፈታኝ አለችኝ።»

«እንግዲያ ጋሻ ነው። ከጋሻ ሌላ አልሸጥልዎትም። የተሰጠውን ኮከብ ይዩት! ሕዝብ ነው የመሰከረለት።»

«ምንድን ነው የሚያደርገው?»

«ሆድ የሚያስብስ ነገር አያስገባም። የፈተና ወሬ፣ ስድብ፣ የወደቁ ልጆች ታሪክ። ልጅቷ ጥናቷን ብቻ ታያለች።»

«ሌላስ?»

«ምን ሌላ?»

«ከዚህ ሌላ ምን ይሠራል?»

«ኧረ እማማ! ዱቄት ሲያስፈጩም ባለወፍጮውን እንዲህ ያፋጥጡታል?»

«አፋጥጠዋለሁ።»

ሳቀ። ወረፋ የያዙትም ሳቁ። ፊደል አሳዳጊዬ ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አጎላልኝ፦ «ይህ ቅጥያ ባለቤቱ የሚያየውንና የሚሰማውን ሁሉ ማንበብና መለወጥ ይችላል።» መለወጥ የሚለው ቃል አልጣመኝም።

«መለወጥ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው እማማ።»

ይህን ያለው እውነቱን ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። አሳዳጊ ነኝና «እስማማለሁ» የሚለውን ነካሁ፤ ከእኔ በኋላ የነበረችው ሴትዮ ደግሞ ሳታነብ ለሦስት ልጆቿ ነካች።

መጀመሪያ ላይ እውነትም ደግ ነበር። ኤልዳና እያንጎራጎረች ታጠናለች፤ በደንብ ትተኛለች። አንድ ቀን መነፅሬ ላይ «ጋሻ ታድሷል፤ አሁን የበለጠ ይጠብቃል» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። እሰየው አልኩ። የበለጠ መጠበቅን ማን ይጠላል?

ከዚያ ማክሰኞ ዕለት ልጄ ደወለ።

«እማዬ፣» አለኝ፤ ድምፁ ሣሣ ብሏል። «ኤልዱ ተቀይማኛለች እንዴ?»

«ምን አደረግካትና?»

«እኔ እንጃ። ሰመራ ሆስፒታል ከተኛሁ ጀምሮ እጽፍላታለሁ። ‹ታምሜአለሁ፣ ነይልኝ› እላታለሁ። ‹እሺ አባ፣ እበረታለሁ› ብላ ልብ ትልክልኛለች። አሁንም ‹ነይልኝ› እላታለሁ። አሁንም ልብ ትልክልኛለች።»

ምን ሆነህ ነው የተኛኸው፣ ለምን ለኔስ አልነገርከኝም ብዬ ጮኽኩ። ልቡ ነው። እኔን እንዳያስጨንቅ ብሎ ነው። ሐሙስ ጠዋት ይከፍቱታል። «ሐኪሙ ሲያናግረኝ መሬት መሬት ነው የሚያየው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «እማዬ፣ ሳላያት እንዳልገባ።»

ወደ ኤልዳና ክፍል ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

«ልጄ፣ አባትሽ ታሟል!»

«አሜን እማማ።»

«ሆስፒታል ነው ያለው! ሰመራ! ልያት እያለ ነው!»

«አሜን፣ አሜን፤ ለአንቺም ዕድሜ ይስጥሽ» ብላ እጄን ሳመችው።

ወረቀት አመጣሁ። በትልቁ «አባትሽ በጠና ታሟል፤ ሐሙስ ልቡን ይከፍቱታል» ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው። ዓይኗ እንባ አቀረረና አቀፈችኝ። «እኔም እወድሻለሁ እማማ። ግን እኮ ወረቀት ማባከን ክልክል ነው» አለችኝ።

«ሌንስሽን አውልቂ!» አልኳት።

«እሺ፣ ትንሽ ላርፍ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና መሳቅ ጀመረች። «ምንድን ነው እንዲህ ያሳቀሽ? ንገሪኝና አብረን እንሳቅ እንጂ!» አለችኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። የማሳድጋት ልጅ ዓይን ውስጥ በግድ ጣቴን አልከትም፤ ያን የሚችል ይኑር፣ እኔ አልችልም።

ሮቤል ጋ ስደርስ አሁንም ወረፋ አለ። ወረፋውን ጥሼ ገባሁ።

«ጋሻን አውጣልኝ።»

«ምነው፣ አስቸገረ?»

የሆነውን ነገርኩት። ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ። «አሃ። ባለቤቱ ተቀይሯል እማማ። የመጀመሪያዎቹ ሸጡት። አዲሶቹ ትንሽ ጠንከር ያሉ ናቸው።»

«ማናቸው?»

«እሱን ማን ያውቃል?»

«ታዲያ አውጣው!»

«ፈተናው እስኪያልቅ አይወጣም። እርስዎ ተስማምተዋል።»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ የምልህ!»

«እኔ ላይ አይጩሁ እንጂ፤ እኔ ሻጭ ነኝ።» ወደ ወረፋው ዞር ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእርስዎ ግን የሚሆን አለኝ። ጭንቀት የሚያቀል። ለመነፅርም ይሆናል» አለኝ።

ለልጄ ምን ብዬ ልንገረው? ልጅህ ደብዳቤህን አላየችም፣ ያየችው ሌላ ደብዳቤ ነው ልበለው? ነገርኩት። «ታዲያ ማን ነው ልብ የሚልክልኝ?» አለኝ። እሷው ናት፤ ‹በርቺልኝ› ላላት አባቷ ነው የምትልከው። ይህን ለማስረዳት ስሞክር ሐኪም ገባና ስልኩ ተቋረጠ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ብሌን መጣች፤ ከለቅሶ ነበር የምትመለሰው። ሶፋው ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች። የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላት።

«እና ምን ፈለግሽ?» አለችኝ።

«እንድታውቅ ነዋ!»

«ፌቪ፣ ተፈታኝ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው መርዶ የሚረዳው? ትጨርስ። ከዚያ ሰብሰብ ብለን፣ ጠዋት መጥተን፣ በወጉ እንነግራታለን።»

«አልሞተም እኮ ብሌን! አለ!»

«ካለማ ምን አስቸኮለሽ?»

ልነሣ አልኩ። እሷ ግን አላቆመችም። «ደግሞ ምን አዲስ ነገር አለው? እኛ በአፋችን የምንሠራውን ነው የሠራው። የታመመውን ‹ተሽሎታል› ስንል፣ የሞተውን ‹መንገድ ሄዷል› ስንል አልኖርንም? ቅጥያው ቢያንስ ምላሱ አይንተባተብም።»

«እኛ እኮ ቀን እየቆጠርን ነው የምንደብቀው፣ እያለቀስን ነው የምንደብቀው። እሱ የሚደብቀው ማንን ብሎ ነው?»

«ኮከቡን ብሎ» አለች ብሌን፣ እግሯን እያሻሸች።

በዚህ መሀል ኤልዳና ውሃ ልትቀዳ ከክፍሏ ወጣች። ብሌንን ስታይ ፊቷ በራ። «እትዬ ብሌን! ይሄ ሰማያዊ ቀሚስ እንዴት ያምርብዎታል!» አለች።

የብሌን ቀሚስ ጥቁር ነበር። ለቅሶ የሚለበስ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ። ብሌን ወደ እኔ አየች፤ እኔም ወደ እሷ። ጋሻ ጥቁር ያውቃል ማለት ነው፤ ጥቁርን ያጥባል።

ከዚያ ግን የኤልዳና ዓይን ከቀሚሱ ወደ ላይ ወጣ፣ ትከሻ ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ። ብርጭቆውን የያዘው እጇ ቆመ። «እትዬ ብሌን… ማን ሞተ?» አለች።

ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ከዚህች ልጅ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልወጣም።

«የወይዘሮ ሶስና ወንድም ነው ልጄ፤ አታውቂያቸውም» አለች ብሌን።

«አሜን» አለች ኤልዳና። ለምን እንዳለች የገባት አይመስልም። ዓይኗ ግን ከብሌን ትከሻ አልወረደም። ውሃውን ሳትቀዳ፣ ግድግዳ እየተደገፈች ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ብሌን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር፤ እንደ ለቀስተኛ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አውጥታ። ነጭ ነጠላ ነው፤ ባለጥለት ነው፤ የሠርግም የቤተ ክርስቲያንም ነጠላ እሱው ነው። ጋሻን የሠሩት ሰዎች ጥቁር ልብስ ሐዘን መሆኑን ያውቃሉ፤ እንባ ሐዘን መሆኑን ያውቃሉ፤ የሆስፒታልን ስም በየቋንቋው ያውቃሉ። የጥለት ወደ ላይ መውጣት ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። ይህን ሁሉ ሊቅነት አንድ የደብረ ብርሃን ሴት በትከሻዋ ብቻ አልፋው ገባች።

ኤልዳና ደግሞ ታውቀዋለች። እናቷ ያረፈች ጊዜ ማንም አፍ አውጥቶ አልነገራትም፤ ሕፃን ናት ተባለ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በበሩ ተከታትለው ሲገቡ ግን፣ ገና አንድ ሰው እንኳ ሳይናገር፣ አልጋ ሥር ገብታ ተደበቀች። ሹሮ መሥራት አላስተማርኳትም፤ ይህን ግን ራሷ ተማረች።

ተነሣሁና ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ነጠላዬን ሳወጣ ብሌን ገባት።

«ፌቪ! አብደሻል? ለልጅሽ? በሕይወት ላለ ልጅሽ?»

«ሌላ ምን አለኝ?»

«ሟርት ነው! ነገ ሊከፍቱት፣ ዛሬ እናቱ ልታዘቀዝቅለት? አደራሽን! ይልቅ ፈተናዋን ትጨርስ!»

ይህን እኔ ያላሰብኩት ይመስላታል። ልጄ ሲሳል እንኳ የበሽታ ስም እንዳልጠራበት ስጠነቀቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ነጠላውን ዘርግቼ ገለበጥኩት። ጥለቱን ወደ አንገቴ አወጣሁ። «አንተ ታውቃለህ፤ አትቁጠርብኝ» አልኩ። ከዚያ በላይ ጸሎት አልመጣልኝም።

ብሌን ፊቷን አዞረች። እሷ እንኳ፣ ባለ ሰላሳ ምናምን ቅጥያዋ፣ ያን ጊዜ እኔን የሚያጠፋላት አላገኘችም።

ኤልዳና ግድግዳው ፊት ተቀምጣ ነበር። የከሰዓቱ ፈተና ሊጀመር ነው። ሳልናገር ገባሁ። እንባዬን ዋጥኩ፤ እንባ ወደ ሳቅ ይለወጣል። አፌን ዘጋሁ፤ ቃል ወደ ምርቃት ይለወጣል። በእሷና በግድግዳው መሀል ቆምኩ።

«እማማ፣ ሊጀምር ነው እኮ፣ ዞር በ…»

አየችው። ቀስ ብላ ተነሣች። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ።

«ማን ነው?»

የነጠላዬን ጥለት በእጄ ያዝኩ።

«እማማ ማን ነው? ተናገሪ እንጂ!»

ራሴን ነቀነቅኩና ጣቴን ወደ ዓይኗ ቀሰርኩ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ። ጣቴን ተከትላ እንደ ሞኝ ስታየኝ ቆየች። ጋሻ በጆሮዋ በኩል ሌላ ነገር እየተናገረ መሆን አለበት፤ ከንፈሯ «አሜ…» ሊል ጀመረና ተወው።

«አባዬ ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

ሌንሱን አወጣችው። አንዱን፣ ቀጥሎም ሌላውን። ጆሮዋ ውስጥ ያለውን ፍሬ መንጭቃ ወረወረችው፤ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከግድግዳው ደስ የሚል የሴት ድምፅ «ተፈታኝ ኤልዳና ኪሩቤል፣ ፈተናዎ ተቋርጧል» አለ።

«አለ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ነጠላውን ከአንገቴ ገፍፌ። «አልሞተም! አለ ልጄ፣ አለ! ሰመራ ሆስፒታል ነው፣ ነገ ጠዋት ልቡን ይከፍቱታል፣ ሳላያት አልገባም እያለ ነው! ያዘቀዘቅኩት እንድታዪ ብዬ ነው እንጂ አለ!»

ያላንዳች ነገር፣ በራቁት ዓይኗ አየችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ አይታኝ አታውቅም ማለት ነው። ፊቴን እንደ እንግዳ ፊት ነበር የምትመረምረው።

«በርቺ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «በየቀኑ። በርቺልኝ ብሎኝ ነበር።»

«ነይልኝ ነው ያለሽ።»

«እኔ እኮ ልብ…» አልጨረሰችውም። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ብሌን በሩ ላይ ቆማ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» ትላለች፤ ማንም አልሰማትም።

«ማን ነው የጫነብኝ?» አለች ኤልዳና።

ሮቤል ነው ማለት እችል ነበር። አዲሶቹ ባለቤቶች ናቸው ማለት እችል ነበር፤ ይህም ሐሰት አይደለም።

«እኔ ነኝ የመረጥኩልሽ» አልኩ። «እንዳትጨነቂ ብዬ።»

የባቡሩ ጥሪ ከታች ተሰማ። ወደ ሰመራ የሚወርደው የከሰዓቱ ነው፤ እሱ ካመለጠ እስከ ነገ የለም። ኤልዳና ጫማዋን ፈልጋ አደረገች፤ ማሰሪያውን አላሰረችም። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ተርበተበትኩ፤ ብርድ ነው፣ ሌሊት አፋር ቢሞቅም መንገዱ ላይ ብርድ ነው፣ ዳቦ ልያዝልሽ፣ ብሌን አብራሽ ትሂድ፣ ያለ ሌንስ መንገዱን እንዴት ታገኚዋለሽ እያልኩ ጃኬቷን ይዤ እከተላታለሁ። በሩ ላይ ቆመች። ጃኬቱን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ወደ እኔ ግን አልዞረችም። በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወደ ባቡሩ ወረደች።